ሃያ አራት ዓመት የተኛው እንቁላል

ጀዋሂር ሰይድ መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያየችው ፍጥረት እሱም መልሶ ያያት መስሏት መወልወያዋን ጥላ ወደኋላ አፈገፈገች። ያኔ ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ላይፕትሲገር ሽትራሰ ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ ካለ የጓሮ ሕንፃ፣ የባሕር ናሙና የሚለቀምበትን ክፍል የምታጸዳ ሴት ነበረች። አንዱ ሠራተኛ የማይክሮስኮፑን መብራት ሳያጠፋ ሄዷል። ጠረጴዛውን ልትወለውል ጎንበስ ስትል ዓይኗ የማይክሮስኮፑ መነጽር ላይ ዐረፈ። ከታች የጣት ጥፍር የማይሞላ፣ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ዓሣ ተጋድሟል። ጭንቅላቱ በሙሉ ዓይን ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ያኮረፈ ዓይን።

"ምን አዩ?" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል።

የናሙናው ስብስብ ኃላፊ ፍራው ዊንክለር ነበሩ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን እየረገሙ ነው የሚወጡት።

"ያኮረፈ ዓሣ" አለች ጀዋሂር፤ ሌላ ቃል በጀርመንኛ አልመጣላትም።

ፍራው ዊንክለር ሳቁና ወረንጦ ሰጧት። "እስቲ በዚህ ሳህን ውስጥ ስንት ያኮረፉ ዓሦች እንዳሉ ይልቀሙልኝ።" በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዐሥራ ሰባት አወጣች። ትናንትና ያንኑ ሳህን የጨረሰው ባለሙያ መዝገቡ ላይ የጻፈው ዐሥራ አንድ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ጀዋሂር መወልወያዋን አስረክባ የለቃሚነት ፌርትራግ፣ የሥራ ውል፣ ፈረመች። ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ ሽታፕለር፣ ባለ ሹካ የዕቃ ማንሻ፣ እየነዳ ዕቃ የሚጭነው ባሏ ሚስባህ ለጓደኞቹ "ሚስቴ የሞተ ዓሣ ቆጣሪ ሆናለች" እያለ አወራ። እሷ ግን ኮርታ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987፣ አንድ የምርምር መርከብ ዐረብ ባሕር ላይ እየዞረ ከኋላው መረብ ይጎትት ነበር። መረቡ ዓሣ አጥማጅ የሚያውቀው ዓይነት አይደለም። እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ፣ ሽንቁሩ ለዓይን የማይታይ፣ ጫፉ ላይ ጠርሙስ የታሰረበት ነው። ውኃው ሲያልፍ ከውኃው ጋር የሚንሳፈፈው ደቃቃ ነገር ሁሉ፣ ሩዝ የሚያካክሉ ባለ አንቴና ፍጥረታት፣ መርፌ መሳይ ትሎች፣ የዓሣ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ የዓሣ እጭ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል። ያንን በፎርማሊን ሞልተው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጥልቀቱን ጽፈው ወደ አገራቸው አመጡት። ከዚያ ገንዘቡም ሰዉም አለቀና ስድስት መቶ ጠርሙስ ኦስትሃፈን አንድ መጋዘን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀመጠ። አሁን ተካልኝ የሚባል የሐበሻ ልጅ በቫን እየጫነ ያመጣዋል፤ ጀዋሂር ፎርማሊኑን በወንፊት አጥባ፣ በመስታወት ሳህን ላይ በንጹሕ ውኃ ዘርግታ፣ እጩን ከእንቁላሉ፣ እንቁላሉን ከትሉ ትለያለች። እያንዳንዱ በየብልቃጡ ይገባል፤ ብልቃጡ ላይ ኤቲኬት ይለጠፋል፤ ኤቲኬቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ኤቲኬቱ ግርጌ "ያገኘውና የለየው" የሚል መስመር ነበር። ጣጣውም የመጣው ከዚህ መስመር ነው።

መስመሩ ላይ የሚፈርመው ዶክተር ሃርትቪግ ነበር፤ ረጅም፣ ነጭ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ የዓሣ እጭን ዘር በመለየት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው። ጀዋሂር ያልገባት ነገር ስታገኝ ትጠራዋለች። መጥቶ ከኋላዋ ይቆምና "ፍራው ሰይድ፣ የሚያዩትን ይግለጹልኝ" ይላታል፣ ተማሪ እንደሚፈትን መምህር። ጀርመን አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ በዚያ ሕንፃ ውስጥ እሷ "ወይዘሮ ሰይድ" ናት፤ ኮምቦልቻ ያሉት አባቷ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያለች ብቻዋን ትስቃለች። ስትገልጽለት ጎንበስ ይልና ለጥቂት ጊዜ ያያል፤ "እህም" ይላል፤ የፍጥረቱን ስም በላቲን ይጠራል፤ የራሱን ስም ይፈርማል፤ ይሄዳል።

በ2011 ጸደይ ላይ ጀዋሂር ከአንድ ሳህን ጥግ ዓይኖቹ ከራሱ ላይ የሌሉ እጭ አገኘች። ዓይኖቹ በሁለት ረጃጅም ክሮች ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው፣ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። ሃርትቪግን ጠራችው።

"ይግለጹልኝ" አለ ሃርትቪግ።

"ዓይኖቹ በክር ላይ ናቸው።"

"የክሩ ርዝመት ከሰውነቱ አንጻር?"

"ሲሶ ይሆናል። አንጀቱም ከሆዱ ወጥቶ ወደኋላ ይጎተታል።"

ጎንበስ አለ፤ "እህም" አለ፤ ስሙን ጠራ፤ ፈረመ። ሐሙስ፣ ኬክ እየተበላ በሚደረገው ስብሰባ ላይ፣ ፍራው ዊንክለር "ከዚህ ስብስብ ውስጥ እንዲህ ያለ ያልተጎዳ እጭ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ሃርትቪግ፣ እንኳን ደስ አለዎት" አሉ። ሃርትቪግ አንገቱን ደፋ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። ጀዋሂር የያዘችውን ኬክ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"ዓይኔ ያየውን በራሱ ስም ዳረው!" አለችው ለተካልኝ፣ ባዶ ሣጥን ሲጭን ቫኑ አጠገብ ቆማ።

"እና ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? ፌርትራጌ ዲሴምበር ላይ ያልቃል።"

"እኔ ብሆን..." አለና ተካልኝ እሱ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ሳይነግራት በሩን ዘጋው።

በሳምንቱ ዓርብ ተካልኝን ሆዱን ቆረጠው። ከጠዋት ጀምሮ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ሲያቃስት ጀዋሂር ቦርሳዋን ፈትሻ በትንሽ ጠርሙስ የያዘችውን ፌጦ አወጣች። መውቀጫ ስለሌለ ሻይ በሚፈላበት ክፍል አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨመረችለትና እስኪርስ ትተውት ወሬ ያዙ። ሊጠጣው ሲያነሣው ተካልኝ ብርጭቆውን በመስኮቱ ብርሃን አየውና ማቃሰቱን አቆመ።

"እቴ ጀዋሂር፣ ይሄን ነገር እስቲ እዪው።"

ቀይ ቡናማ ፍሬዎቹ ውኃ ጠጥተው እያንዳንዳቸው ጥርት ያለ ልጥልጥ ካባ ደርበዋል። እርስ በርስ ሳይነካኩ ውኃው ውስጥ ተንሳፍፈዋል።

"ስሸከመው የምውለው እንቁላል እኮ ነው!"

"እንቁላል አይደለም፣ ፌጦ ነው። ጠጣው" አለችው። ግን እሷም አየችው። ከዚያ ተያዩ።

"እንዳታደርጊው" አለ ተካልኝ፣ አድርጊው በሚል ድምፅ።

ጀዋሂር ነገሩን የምታቆመው የት ላይ እንደሆነ አስባበታለች፤ ይህ ሊታወቅላት ይገባል። አንድ ፍሬ በወረንጦ ይዛ፣ ከፎርማሊን ታጥቦ ባለቀው ሳህን ላይ፣ ከሌሎቹ እንቁላሎች አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ሃርትቪግ መጥቶ ያየዋል። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው የእህል ዘርና የዓሣ እንቁላል አይጠፋውም፤ "ይህማ ፍሬ ነው" ይላል። ያኔ እሷ "ጎሽ፣ ዛሬስ በራስዎ ዓይን አዩ" ትለዋለች። አለቀ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

"ዶክተር፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።"

መጣና ከኋላዋ ቆመ። "ይግለጹልኝ።"

"ሞላላ ነው። መሐሉ ቀይ ቡናማ። ዙሪያውን እንደ ሙጫ ያለ ጥርት ያለ ነገር ለብሷል። ከሌሎቹ እንቁላሎች ሦስት እጥፍ ይሆናል።" ከተናገረችው ውስጥ አንድም ውሸት የለም።

ጎንበስ አለ። ከወትሮው ረዘመ። "እህም" አላለም። ቀና ሲል ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር።

"ከዐረብ ባሕር እንዲህ ያለ እንቁላል ተመዝግቦ አያውቅም" አለ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማበት የፈራ ይመስል።

ብዕሩን አወጣ። ጠርሙስ መቶ ዐሥራ አራት። ማንነቱ ያልታወቀ እንቁላል። ያገኘውና የለየው፦ ዶክተር ሃርትቪግ። ያልታወቀውን የለየሁት እኔ ነኝ ብሎ ፈረመበት! ጀዋሂር ይህን ስታይ በሩ ላይ የቆመው ተካልኝ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ።

"ዶክተር፣ እሱ ነገር እኮ..."

"ሰኞ! ሰኞ ፎቶ እናነሣዋለን። ፎርማሊን ቀለሙን ስለሚያጠፋው በንጹሕ ውኃ ይቆይ።"

"አይ፣ ልልዎት የፈለግኩት..."

ሳህኑን ከድኖ፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ቅዳሜና እሑድን የሚያሳልፈው ካስል ከተማ ካለች እኅቱ ዘንድ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ለባቡሩ ይሮጣል። ደረጃውን ሲወርድ ሲያፏጭ ሰማችው። ከዚያ በፊት ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም።

እሑድ ከሰዓት ከሚስባህ ጋር ኒዳ ወንዝ ዳር ስትሄድ ሁሉንም ነገረችው። ሚስባህ የድልድዩን አጥር ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች፤ ከዓርብ ወዲህ ልቧ ቀለል ሲላት ገና ነው። ከዚያ ሚስባህ ዓይኑን እየጠረገ ጠየቃት።

"ቆይ፣ በውኃ ነው ያስቀመጠው?"

"በውኃ።"

"ከዓርብ ጀምሮ?"

"አዎ።"

"የት?"

"ማሞቂያው አጠገብ። ምነው?"

ሚስባህ ሳቁን ዋጠ። "ጀዋሂር፣ ፌጦ እኮ ዘር ነው።"

እዚያው መሐል መንገድ ላይ ቆመች። አንድ ብስክሌተኛ ደወሉን እየደወለ አልፏት ሄደ።

ሰኞ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች፤ ሃርትቪግ ግን ቀድሟት ነበር። ካፖርቱ አንድ ቁልፍ ዘሎ ተቆልፏል። ፀጉሩ አልተበጠረም። ስታየው ሰላምታም አልሰጣት።

"ተፈልፍሏል!" አላት። "ፍራው ሰይድ፣ ተፈልፍሏል! ነጭ ጅራት አውጥቷል! ሃያ አራት ዓመት ፎርማሊን ውስጥ ተኝቶ! ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ ዐውቃለሁ፤ ግን ይኸው!"

ጀዋሂር ሳቋ እስከ ጥርሷ መጣና እዚያው ደረቀ። ሰውዬው ከልቡ ነበር። ለፍራው ዊንክለር ስልክ ደውሎ ከቤታቸው ጠርቷቸዋል፤ ከላይኛው ፎቅ ያሉትን አራት ባለሙያዎችም ሰብስቧል። ተካልኝ የጠርሙስ ሣጥን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሣጥኑን ማስቀመጥ ረስቶታል።

ፍራው ዊንክለር ጉልበታቸውን እየረገሙ ደረሱ። ቁጭ አሉ። የማይክሮስኮፑን መነጽር አስተካከሉ። አዩ፤ ቀና አሉ፤ እንደገና አዩ።

"ቅቤ የተቀባ ዳቦ ያለው ሰው አለ?" አሉ።

"ይቅርታ?" አለ ሃርትቪግ።

"ዳቦ። ቅቤ የተቀባ። ትንሽ ጨውም ቢገኝ ጥሩ ነው። ሃርትቪግ፣ ይህ ክሬሰ ነው። የልጅ ልጄ በፋሲካ ሰሞን በጥጥ ላይ እየዘራች የምታበላኝ ክሬሰ። ሥር አውጥቷል፤ ነገ ቅጠል ያወጣል።"

እኛ ፌጦ የምንለውን ጀርመኖች ክሬሰ ብለው ቅጠሉን በዳቦ ይበሉታል፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሁሉም ዘርቶታል። አራቱ ባለሙያዎች በየተራ አዩና በየተራ ፈነዱ። አንዷ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ሃርትቪግ ብቻ ነጭ ካፖርቱን መስሎ ቆሞ ነበር፤ ማይክሮስኮፑን እንኳ ዳግመኛ አላየም።

ፍራው ዊንክለር ኤቲኬቱን አነሡ። "ማን ነው ያገኘው?"

ጀዋሂር አሁን ጣቱን ወደ እኔ ይቀስራል ብላ ጠበቀች። ቢቀስር ማን ይፈርድበት ነበር? ሳህኑ የእሷ ነው፤ ወረንጦውም የእሷ ነው።

"ስሜ ተጽፎበታል" አለ ሃርትቪግ። "እኔ ነኝ።"

ይህን አልጠበቀችውም ነበር። አፏ ቀደማት።

"እኔ ነኝ ያስገባሁት። ፌጦ ነው። ቀልድ ነበር፤ ዓርብ ልናገር ስል ሄዱብኝ።"

ሳቁ ቆመ። "ለምን?" አሉ ፍራው ዊንክለር።

"እኔ ያየሁት ሁሉ በእሳቸው ስም ይጻፋል። ይህም ይጻፍ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ተጻፈ።"

ፍራው ዊንክለር ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ጀዋሂርን ይበልጥ ያስፈራት ይህ ነበር።

"መረቡን ሲጎትቱ እኔ መርከቡ ላይ ነበርኩ። ሰዉ ሁሉ በማዕበል እየታመመ፣ እያስመለሰው ነው ያወጣነው። ያ ውኃ ሁለተኛ አይወጣም፤ ያ ቀን አልፏል። አሁን መቶ ዐሥራ አራት ውስጥ ሌላ ምን እንደተጨመረበት በምን ዐውቃለሁ?"

"ምንም አልተጨመረም። ወደ ጠርሙሱ አልገባም፤ ሳህኑ ላይ ብቻ ነው።"

"ያንን እርስዎ ያውቃሉ። መዝገቡ አያውቅም።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጀዋሂር የበደለችው ሃርትቪግን ብቻ ይመስላት ነበር።

ፍርዱ ወዲያው ተነገረ። ጠርሙስ መቶ ዐሥራ አራት ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይለቀማል፤ ለቃሚዎቹ ጀዋሂርና ሃርትቪግ ናቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን ሳህን ሁለቱም ለየብቻ ይቆጥሩታል፤ ቁጥራቸው ካልገጠመ ይደግሙታል። ከዛሬ ጀምሮም ኤቲኬት ሁሉ ሁለት መስመር ይኖረዋል፤ የለቀመውና የለየው። የጀዋሂር ፌርትራግ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።

"ፌጦው የተፈታው ለእኔ ሆድ ነበር" አለ ተካልኝ ከበሩ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"እንግዲያው ሳህን አጣቢው እርስዎ ነዎት" አሉት።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን ጀዋሂር ስድሳ አንድ እጭ ቆጠረች፤ ሃርትቪግ ሠላሳ ስምንት። ደገሙት፤ እሷ ስድሳ አንድ፣ እሱ ሰባ። በሁለተኛው ቀን መብራቱን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ አንገቱን እያጋደለ፣ ወንበሩን እየሳበ፣ መነጽሩን እያወለቀና እያጠለቀ ዋለ። ወረንጦው ወደ አየር አረፋ ሲሄድ አየችው። አረፋው ሲፈነዳ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ሌላ ፍለጋ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ከእሷ ጋር መግጠም ጀመረ፤ ግን ሁልጊዜ የሚናገረው እሷ ከተናገረች በኋላ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጀዋሂር ፊቷን ሳትለውጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለበት ሳህን አቀረበችለት። ምንም አልነበረበትም።

"እርስዎ ይጀምሩ፣ ዶክተር። ስንት ይታይዎታል?"

ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

"ሦስት" አለ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ "ምናልባት አራት" አለ።

"ባዶ ነው" አለችው።

ሃርትቪግ ቀስ ብሎ ቀና አለ። የዓይን መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጀዋሂር ዓይኑን በቅርብ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ብሌኑ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ነጭ የመሰለ ጉም ተኝቶበታል።

"ሁለት ዓመት ሆነው" አለ። "መጀመሪያ መስታወቱ የቆሸሸ መስሎኝ ነበር።"

እሷ የሚፈትናት ሲመስላት፣ ለካ "ይግለጹልኝ" እያለ በእሷ ዓይን ሲያይ ኖሯል! የምትገልጽለትን ከሠላሳ ዓመት ዕውቀቱ ጋር ያጋጥመዋል፤ ስሙን ይጠራል፤ አይስትም። ፌጦው ላይ የሳተው እሷ አሳምራ ስለገለጸችለት ነው። ኀፍረት ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ አጋላት። ግን ጀዋሂር ጀዋሂር ናትና ኀፍረቷ አፏን አልዘጋውም።

"ዓይንዎ ማየት ቢያቅተው፣ እጅዎ ስሜን መጻፍ አቅቶት ነበር?"

"አላቃተውም" አለ። "የእርስዎን ስም ከጻፍኩ 'እርስዎስ ምን ይሠራሉ?' የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ ፈራሁ።"

ተነሥቶ የብልቃጦቹን መሳቢያ ከፈተ፤ በመዳሰስ ያችን ባለ ክር ዓይን እጭ አወጣ። አዲስ ኤቲኬት ላይ በትልልቅና በተጣመሙ ፊደላት የለቀመችው ማን እንደሆነች ጻፈ። ከስሟ አንድ ፊደል አስቀርቶ ነበር፤ አስደገመችው።

"የዓይን ሞራ እኮ ይገፈፋል" አለችው በኋላ። "አክስቴ ኮምቦልቻ ላይ ተገፍፎላት በማግስቱ የባሏን ሽበት ቆጥራለታለች። ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ አልዎት?"

"ነበረኝ። ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ነቅቼ እያለሁ ነው ቢላው ዓይኔ ውስጥ የሚገባው።"

"ዶክተር! ስንት ሺህ ዓሣ ዓይኑን በወረንጦ ስናገላብጥ የኖርን ሰዎች አይደለንም እንዴ?"

ሃርትቪግ መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ልክ እንደ ፉጨቱ ያልተለመደ ነበር።

ለፍራው ዊንክለር ራሱ ሄዶ ነገራቸው። እሳቸውም "ዐውቄ ነበር ብል ውሸት ነው፤ አላውቅም ነበር ብልም ውሸት ነው" ብለው ስልኩን አንሥተው እሳቸው ፊት ቴርሚኑን እንዲይዝ አደረጉት። ጠርሙስ መቶ ዐሥራ አራትን እሷ እየቆጠረች፣ እሱ እየሰየመ ጨረሱት፤ ሳህን በሳህን ፍራው ዊንክለር ራሳቸው አመሳከሩት። ከፌጦው በቀር የተጨመረ ነገር አልተገኘም።

ጁን ላይ ቀኝ ዓይኑ ተሠራ። ከሐኪም ቤት ወደ ቤት የሚወስደው ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኅቱ ከካስል መምጣት አልቻለችም። ጀዋሂር ሄደች፤ ተካልኝ በጠርሙስ ቫኑ መጣ። ሃርትቪግ ዓይኑ ላይ ፋሻ ተደርጎበት ከፊት ወንበር መሐል፣ በሁለቱ መካከል ተቀመጠ። ተካልኝ እያንዳንዱ የመንገድ ጉድጓድ ላይ "ቀስ፣ ናሙና ይዘናል" ይላል፣ በአማርኛ። ሃርትቪግ ምን እንደሚል ጠየቃት። ተረጎመችለት። "ኤቲኬት አልለጠፋችሁብኝም" አለ።

በወሩ ግራ ዓይኑ ተከተለ። ኦገስት ላይ ወደ ሥራ ሲመለስ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳህን በሳህን አየ። አንድ ጊዜ ብቻ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማችው፤ ወደዚያ አልዞረችም። ደስታዋ እውነተኛ ነበር። ፌርትራጓ ለሁለት ዓመት ተራዝሟል፤ ስሟ በየኤቲኬቱ ላይ ይጻፋል፤ ሰውዬው ያያል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋ አገኘች። "ጠርሙስ ዘጠና ስድስት፣ ብልቃጥ አራት። እባክዎ ይመልከቱ።" በማግስቱ አምስት ሆኑ። ሃርትቪግ በአዲሱ ዓይኑ የሁለት ዓመት ሥራዋን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየፈተሸ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቶቹ አርባ አንድ ደረሱ፤ መደርደሪያዋ ቢጫ አበባ ያወጣ መሰለ።

"ፍራው ሰይድ፣ ይህንን ምን ብለው መዘገቡት?"

"የዓሣ እጭ። ቀጭን ዓይነት።"

"ፀጉር ነው" አለ ሃርትቪግ በትሕትና። "ጥቁር፣ የተጠቀለለ። የተካልኝ ይመስለኛል።"

ጎንበስ ብላ አየችው። ፀጉር ነበር። ከግርጌው "የለቀመችው" በሚለው መስመር ላይ ስሟ አንድም ፊደል ሳይጎድል ተጽፏል፤ ከአዲሱ ሕግ ወዲህ የቀድሞዎቹም ኤቲኬቶች ታርመው ስሟ ገብቶባቸዋልና። መዝገብ ላይ ደግሞ ስሕተት አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና የሰረዘው ይፈርምበታል። አርባ አንድ ጊዜ ሰርዛ አርባ አንድ ጊዜ ፈረመች። ሃርትቪግ ከጎኗ ቆሞ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ይልላት ነበር።

"ደስ ብሎታል" አለችው ለተካልኝ። "ሰውዬው በደስታ ሊፈነዳ ነው።"

"እና ዝም አልሽ?"

ዝም አላለችም። በምሳ ሰዓት ወደ ላይፕትሲገር ሽትራሰ ወጥታ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንድ ጥቅል የሚለጠፍ አረንጓዴ ወረቀት ገዛች። ከዚያ የኬለሩን፣ የምድር ቤቱን፣ ቁልፍ ከፍራው ዊንክለር ጠየቀች። እሳቸውም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሰጧት። ኬለሩ ውስጥ ሃርትቪግ በ1998፣ ዓይኑ እንደ ጭልፊት በነበረበት ዘመን፣ ብቻውን ለቅሞ ብቻውን የፈረመባቸው የሌላ ጉዞ ሁለት መቶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ጀዋሂር የመጀመሪያዎቹን ዐሥራ ሁለት ጋሪ ላይ ጭና፣ የአሳንሰሩን በር በተረከዟ ገፍታ ከፍታ፣ እያዜመች ወደ ላይ ወጣች።